ማንም ያልቆጠረለት ወርዋሪ

በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማያውቅ የከተማው አበሻ ጥቂት ነው። ልጁን የወለደበት አለ፣ ሌሊት ሌሊት የሠራበት አለ፣ በሩ ላይ ታክሲ አቁሞ ተሳፋሪ የጠበቀበት አለ። ብዙው ሰው ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን አንድ ምልክት ሳያየው ያልፋል። የቤዝቦል መቺ ዱላውን ይዞ የሚቆምበት ቦታ፣ ሆም ፕሌት የሚሉት፣ እዚህ ነበር የሚል ምልክት ነው። ሆስፒታሉ በ1975 ከመከፈቱ በፊት ቦታው ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር፤ በ1965 ነው የፈረሰው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት እዚሁ ሀዋርድ ነበር። አጥንትና ጅማት ሲያጠኑ የስታዲየሙ ጩኸት አልፎ አልፎ ሳይረብሻቸው የቀረ አይመስለኝም።

ስለዚያ ሜዳ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ዋልተር ጆንሰን ነው። 417 ጨዋታ ያሸነፈ፣ ዛሬ ቤቴዝዳ ውስጥ ሃይስኩል በስሙ የሚጠራለት ወርዋሪ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሰው ግን ሌላ ነው፤ በስሙ የተሰየመ ትምህርት ቤት መኖሩን አልሰማሁም። ፍሬድ ማርቤሪ ይባላል። የ1924ን መዝገብ የገለጠ ሰው ከስሙ አጠገብ ሁለት ቁጥር ያገኛል፦ 11 አሸነፈ፣ 12 ተሸነፈ። ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበልጥ ሰው! በዚያው ዓመት ቡድኑ ዋሽንግተን ሴናተርስ በታሪኩ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ያለ ማርቤሪ አይሆንም ነበር ይላሉ። ታዲያ መዝገቡ ምን ነካው?

መልሱ ብዙ አሥርተ ዓመታት ፈጀ። ከዚያ በፊት ግን ቤዝቦልን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲገባው ጥቂት ልበል።

ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት መቺ እስኪወጣበት ድረስ ይመታል። ኳሷን መትቶ ቤዝ የሚባሉትን ሦስት ማረፊያዎች ዞሮ ሆም ፕሌት የገባ ሰው አንድ ነጥብ ያመጣል። ወርዋሪው ከአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ 18 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቀት ላይ ወዳለው መቺ ኳስ ይወረውራል። የጨዋታው ሁሉ መነሻ እሱ ነው፤ እሱ ካልወረወረ ምንም አይንቀሳቀስም። ወርዋሪው ሲደክም ወይም ሲመታ አሠልጣኙ ወደ ጉብታው ሄዶ ኳሷን ከእጁ ይቀበልና ሌላ ይጠራል። አንድ ጊዜ የወጣ ተጫዋች በዚያ ቀን ተመልሶ አይገባም፤ ስለዚህ ማንን፣ መቼ የሚለው ውሳኔ የማይመለስ ነው።

ይህን ለማየት የዛሬውን የከተማው ቡድን የናሽናልስን ውድ ትኬት መግዛት አያስፈልግም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሰመር ላይ ኮልስቪል ሮድና ዩኒቨርሲቲ ቡልቫርድ ወደሚገናኙበት ወደ ሞንትጎመሪ ብሌር ሃይስኩል ይሂድ፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ታኮማ ተንደርቦልትስ የሚባሉት የኮሌጅ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። አሌክሳንድሪያ ያለ ደግሞ ፎር ማይል ረን ፓርክ ውስጥ ፍራንክ ማን ሜዳ ላይ የአሌክሳንድሪያ ኤስስን ያገኛል። አጥሩ ቅርብ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ከዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሱፍ አበባ ሲፈለፍሉ ከነበሩት ልጆች አንዱ ይነሳል። ክንዱን ያዞራል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፣ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ ከዚያም እያጠበቀ ለተቀባዩ ይወረውራል፤ ኳሷ ጓንቲው ላይ ስታርፍ እንደ ጅራፍ ትጮኻለች። ይህ መጠበቂያ ቡልፔን ይባላል። ልጁ ሊጠራም ላይጠራም ይችላል። ሃያ ሰላሳ ኳስ ወርውሮ አሞቆ፣ ጃኬቱን መልሶ ለብሶ የሚቀመጥበት ቀን ብዙ ነው፤ ያ ልፋት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገባም።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው በጣም የሚቀርበው የ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ነው። ሆላንድ ከኮስታሪካ ጋር ስትጫወት አሠልጣኙ ሉዊ ቫን ሃል በ120ኛው ደቂቃ በረኛውን አስወጥቶ ቲም ክሩልን ለፔናልቲ ብቻ አስገባ፤ ክሩልም ሁለት አዳነ። ዓለም ጉድ አለ። ቤዝቦል ውስጥ ይህ የየቀኑ ሥራ ነው፤ ተተኪ ወርዋሪ ይባላል፤ በሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት ሙያ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን ሙያ አልነበረም፤ ነውር ነበር ማለት ይቀላል። ደህና ወርዋሪ የጀመረውን ይጨርሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ከጨዋታው ግማሽ ያህሉን የጀመረው ሰው ራሱ ይጨርሰው ነበር፤ ዛሬ ከመቶ አንዱ እንኳ አይሞላም። መሃል ላይ የሚገባው ወይ ክንዱ ያለቀ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ገና ያልበሰለ ልጅ፣ ወይ ደግሞ ትናንት የወረወረው ኮከብ ዛሬ ቡድኑን ላውጣ ብሎ የሚገባ። ለዚህ ሥራ ብሎ ሰው የሚቀጥር አልነበረም።

ሐሳቡ ዋሽንግተን ላይ ለምን በቀለ? አንዱ ምክንያት የቡድኑ ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ይመስለኛል። እሱ ራሱ ወርዋሪ ነበር፤ በ1905 የኒውዮርክን ቡድን እያሠለጠነ ጨዋታ መሃል ራሱን እየደጋገመ ያስገባ ነበር። በጉልበት ሳይሆን በብልጠት የኖረ ሰው ስለሆነ የድካምን ነገር ያውቃል። ሁለተኛው ምክንያት ድህነት ነው። ሴናተርስ ገንዘብ የለውም፤ የጋዜጣ ቀልደኞች ዋሽንግተንን በሌላው ሁሉ ፊተኛ፣ በቤዝቦል ግን ጭራ እያሉ ይሳለቁባት ነበር። ዘጠኝ ዙር የሚጨርስ ሁለተኛና ሦስተኛ ጆንሰን መግዛት ካልተቻለ ስድስት ዙር የሚችለውን ሰው አስጀምሮ ቀሪውን ለሌላ መስጠት ሳይሻል አይቀርም። በ1923 አለን ራስል የተባለ ወርዋሪ 52 ጨዋታ ላይ ሲገባ የጀመረው አምስቱን ብቻ ነበር። ያ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ማንም ትርጉም አልሰጠውም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከቴክሳስ ስትሪትማን ከምትባል መንደር የመጣ ግዙፍ ወጣት ቡድኑን ተቀላቀለ። ኳስ ሲወረውር እግሩን ወደ ሰማይ ያነሳል፤ ፊቱ የተኮሳተረ ነው። ከወር በኋላ አርጀንቲናዊው ቦክሰኛ ሉዊስ ፊርፖ ጃክ ዴምፕሲን በቡጢ ከሪንጉ አስወጥቶ ጣለውና ዓለም ሁሉ ስሙን አነሳ፤ በመጨረሻ የተሸነፈው ፊርፖ ቢሆንም። ማርቤሪ ቦክሰኛውን ይመስላል ተብሎ ፊርፖ የሚል ቅጽል ወጣለት። አይወደውም ነበር። ስሙ ግን እስከ መቃብር ተከተለው።

በ1924 ግሪፊዝ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የሚጫወተውን የ27 ዓመቱን በኪ ሀሪስን አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። ሀሪስ እየተጫወተ ያሠለጥናል፤ ከጉብታው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ወርዋሪው መድከም ሲጀምር ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ማርቤሪን እንደ ሌሎቹ በአራት በአምስት ቀን አንዴ ማስጀመር ትቶ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቡልፔን አስቀመጠው። በዚያ ዓመት ማርቤሪ 50 ጨዋታ ላይ ገባ፤ አብዛኛውን ሌላው የጀመረውን ለመጨረስ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ማንሳት አለብኝ። በከፍተኛው ሊግ በመብራት ጨዋታ የተጀመረው በ1935 ሲንሲናቲ ላይ ነው፤ ግሪፊዝ ስታዲየም መብራት የገባለት በ1941። በ1924 ሁሉም ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ስምንተኛና ዘጠነኛው ዙር ሲደርስ ፀሐይዋ ታዘቀዝቅና የመቀመጫዎቹ ጥላ ሜዳው ላይ ይረዝማል። ድካም የማያውቅ ክንድ ያለው ሰው ፈጣን ኳስ በዚያ ጥላ ውስጥ ሲልክ መቺው የሚያያት ከደረሰች በኋላ ነው። ስድስት ዙር የለመደውን ዝግተኛ ኳስ ሲያይ ውሎ ድንገት ይህ ሲመጣበት ደግሞ አስቡት። የማርቤሪ ኃይል ከክንዱ ብቻ አልነበረም ማለቴ ነው፤ ከሰዓቱም ነበር።

ቡድኑ የአሜሪካን ሊግን አሸንፎ ለዓለም ሻምፒዮና ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ተገናኘ። ስድስት ጨዋታ ሦስት ለሦስት አለቀ። ሰባተኛው ጥቅምት 10 ቀን 1924 ግሪፊዝ ስታዲየም ላይ ተደረገ፤ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1917 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ራስ ተፈሪ የአውሮፓ ጉብኝታቸውን ፈጽመው አዲስ አበባ ከገቡ ገና አንድ ወር ገደማቸው ነበር። ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ተገኝተዋል። የሰፈሩ ጥቁር ሕዝብ፣ ስታዲየሙ ደጃፉ ላይ ያለ፣ በቀኝ ሜዳ በኩል ለብቻው ይቀመጥ ነበር።

ሀሪስ ሌሊቱን አንድ ተንኮል ሲያውጠነጥን አድሯል። የጃያንትስ አሠልጣኝ ጆን ማክግሮ ቢል ቴሪ የሚባል ግራኝ ወጣት መቺ አለው፤ ቴሪ በቀኝ እጁ የሚወረውርን ሁሉ እያደባየ ነው፣ በግራ ለሚወረውር ግን ማክግሮ አያሰልፈውም። ስለዚህ ሀሪስ በቀኝ የሚወረውረውን ከርሊ ኦግደንን አስጀመረ። ማክግሮ ቴሪን አሰለፈ። ኦግደን ሁለት መቺ ብቻ ገጥሞ ወጣ፤ በስውር ሲያሞቅ የነበረው ግራኙ ጆርጅ ሞግሪጅ ተተካ። ቴሪ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ምንም አላገኘም።

ይህ ተንኮል በየመጽሐፉ ይተረካል፤ ሳቅም አለበት። ማብቂያው ላይ ግን ብዙ ተራኪ ይቸኩላል። ስድስተኛው ዙር ላይ ዋሽንግተን ሀሪስ ራሱ በመታው ሆም ረን (ከአጥር ውጭ የምታርፍ ምት) 1 ለ 0 እየመራ፣ ጃያንትስ ሁለት ሰው አንደኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ አደረሱ። አሁን የቴሪ ተራ ነው። ማክግሮ ትዕግሥቱ አለቀና ቴሪን አስወጥቶ አይሪሽ ሙዝልን አስገባ። ሀሪስ ይህችን ነበር የሚጠብቃት። ወዲያው ሞግሪጅን አስወጥቶ ማርቤሪን ጠራ። ቴሪ ከእንግዲህ አይመለስም፤ ከሙዝል ፊት ያለው በቀኙ የሚወረውረው ኃይለኛው ሰው ነው። ወጥመዱ የተጠመደው በኦግደን ሳይሆን በማርቤሪ ነበር። ከቡልፔን ለዚህ ሰዓት የተዘጋጀ ሰው ባይኖር ኖሮ ጠቅላላው ብልጠት ከንቱ ነበር።

የሆነው ግን ይህ ነው። ሙዝል ረጅም አጉኖ መታ፤ ኳሷ ብትያዝም ከሦስተኛ ቤዝ ያለው ሰው ሮጦ ገባ፣ 1 ለ 1። ቀጥሎ አንድ ቀላል ኳስ ከአንደኛ ቤዝ ጠባቂው ከጆ ጃጅ እጅ አመለጠች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ በኦሲ ብሉጅ እግር መሃል አለፈች። 3 ለ 1። ማርቤሪ መሬት ላይ የምትንከባለል ኳስ አስመትቷል፤ ወርዋሪ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግ? ጓደኞቹ አልያዙለትም። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ዙር ዘግቶ ያዘ። ስምንተኛው ላይ ዋሽንግተን ሰው ቤዝ ላይ ሲያደርስ የመምታት ተራው የማርቤሪ ነበርና ሀሪስ በእሱ ምትክ ቤኒ ቴት የተባለ መቺ አስገባ። በዚህ የማርቤሪ ቀን አበቃ። ቴት በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ አለፈ፤ ከዚያ ሀሪስ የመታት ኳስ መሬት ላይ ነጥራ በጃያንትሱ ልጅ በፍሬዲ ሊንድስትሮም ራስ ላይ ዘለለች፤ ሁለት ሰው ገባ። 3 ለ 3።

ዘጠነኛው ዙር ላይ ማን ይወርውር? የ36 ዓመቱ ጆንሰን፣ በዚሁ ሻምፒዮና ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱንም የተሸነፈው ጆንሰን፣ ከቡልፔን ወጣ። ስታዲየሙ እንደ አንድ ሰው ተነሳ። ፍራንኪ ፍሪሽ ሦስት ቤዝ የሚያስሮጥ መታ፤ ጆንሰን አንዱን ሆን ብሎ በነፃ አሳለፈው፣ ጆርጅ ኬሊን በሦስት ኳስ አስወጣው፣ ሙዝልንም አስቀረ። አራት ዙር ወረወረ፤ አንድም አልገባበትም። አሥራ ሁለተኛው ላይ የጃያንትስ ተቀባይ ሀንክ ጋውዲ የጣለውን የራሱን ጭንብል ረግጦ ተደናቀፈና በአየር ላይ ያለች ኳስ አመለጠችው፤ ዳግም ዕድል ያገኘው መዲ ሩል ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ፤ ኤርል ማክኒሊ የመታት ኳስ እንደገና በሊንድስትሮም ራስ ላይ ነጠረች። ሩል ገባ። 4 ለ 3።

በማግስቱ ጋዜጣ ሁሉ ጆንሰን፣ ጆንሰን፣ ጆንሰን ነበር። አልፈርድባቸውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲለፋ የኖረ ተወዳጅ ሰው በመጨረሻ ተሳካለት። ሆኖም የዚያን ቀን ጨዋታ ያየ ሰው ልብ ቢል፣ ዋሽንግተን በአራት ወርዋሪ ነበር ያሸነፈው፤ ከአራቱ ሦስቱ መሃል ላይ የገቡ ናቸው። አዲስ ነገር እዚያ ሜዳ ላይ ፍንትው ብሎ ታይቷል፤ ሰው ሁሉ የተመለከተው ግን የጀግናውን ፊት ነበር።

የሚገርመው፣ ራሱ ሀሪስም ረሳው። በ1925 ማርቤሪ 55 ጨዋታ ገባ፤ አንድም አልጀመረም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወርዋሪ አልታየም ማለት ይቻላል። ቡድኑ እንደገና ለሻምፒዮና በቃ፣ ከፒትስበርግ ጋር እንደገና ሰባተኛ ጨዋታ። ጥቅምት 15 ቀን ዝናቡ ይወርዳል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ጆንሰን ይንሸራተታል። 15 ጊዜ ተመታ። ሀሪስ ግን ሊያስወጣው ልቡ እምቢ አለው፤ ማርቤሪን አልጠራም። ስምንተኛው ዙር ላይ ኪኪ ካይለር የመታት ኳስ ነገሩን ጨረሰች፤ 9 ለ 7። የሊጉ ፕሬዚዳንት ባን ጆንሰን በስሜት ተመርተህ ዋንጫውን አስበላህ የሚል ቴሌግራም ለሀሪስ ላከበት። ጨካኝ ቴሌግራም ነው። ስህተት ነው ማለት ግን ይከብደኛል።

ማርቤሪ በ1926 64 ጨዋታ ላይ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ እንዳስፈለገው አንዴ አስጀማሪ፣ አንዴ ጨራሽ እያደረገ አመላለሰው፤ ወደ ዲትሮይት በልውውጥ ሄደ፤ በ1935 ጥቂት ጊዜ ዳኛ ሆኖ ሠራ። ሙያው ስም ስላልነበረው ጡረታውም የሙያተኛ ጡረታ አልሆነም። በ1949 በመኪና አደጋ ግራ ክንዱን አጣ።

በኪ ሀሪስ ግን ዕድሜ ሰጠው፤ ትምህርቱን ለመድገም 22 ዓመት ጠበቀ። በ1947 የኒውዮርክ ያንኪስ አሠልጣኝ ነበር። ጆ ፔጅ የሚባል፣ ሲያስጀምሩት የማይረባ፣ መሃል ላይ ሲያስገቡት ግን የማይደፈር ግራኝ አገኘ። ከብሩክሊን ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ሀሪስ አላቅማማም፤ ፔጅን አስገባው፣ ፔጅም የመጨረሻውን አምስት ዙር ዘጋው። የ1925ቱ ዝናብ ትዝ ሳይለው የቀረ አይመስለኝም።

ሙያው እንዲህ እያለ ሥር ሰደደ። መቁጠሪያ ግን አልነበረውም። በ1959 የፒትስበርጉ ተተኪ ወርዋሪ ሮይ ፌስ 18 አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ ተብሎ አገር ጉድ አለ። ጀሮም ሆልትዝማን የሚባል የቺካጎ ስፖርት ጋዜጠኛ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። እሱ በየቀኑ የሚከታተላቸው የካብስ ተተኪዎች ዶን ኤልስተንና ቢል ሄንሪ ከፌስ ያላነሱ ሆነው ይታዩታል። ፌስ ካሸነፋቸው አንዳንዶቹ እኮ ገብቶ መሪነቱን አሳልፎ ሰጥቶ፣ ኋላ ቡድኑ መልሶ ስላሸነፈለት የተመዘገቡለት ናቸው! ያበላሸው ሰው አሸናፊ ሲባል፣ ያዳነው ሰው ምንም አይባልም። ሆልትዝማን የራሱን መለኪያ ሠራ፤ ቡድኑ እየመራ ገብቶ መሪነቱን ጠብቆ ለጨረሰ ወርዋሪ ሴቭ የሚባል ነጥብ ይሰጠዋል። በ1960 ስፖርቲንግ ኒውስ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ጀመረ፤ በ1969 ሊጉ በይፋ ተቀበለው።

በዚያው ዓመት ማክሚላን የተባለው አሳታሚ ትልቁን የቤዝቦል ኢንሳይክሎፒዲያ አሳተመ። ያን መጽሐፍ ያዘጋጁ ሰዎች የድሮ ጨዋታዎችን ወረቀት እያገላበጡ፣ ሴቭ የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ማን ሊያገኝ ይችል እንደነበር ቆጠሩ። ማርቤሪ ከዚያ ወረቀት ውስጥ ወጣ። በ1924 15፤ በ1926 22፤ በጠቅላላው ወደ 100 ገደማ። በዘመኑ የሚጠጋው አልነበረም። እነዚያ 11 እና 12 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ደብቀውት የኖሩት ሰው ይህ ነበር። በ1976 ቴክሳስ ውስጥ ሲሞት የ77 ዓመት ሰው ነበር፤ የጨዋታው የክብር አዳራሽ ኩፐርስታውን ግን እስካሁን አላስገባውም። ለሙያው በሩን የከፈተው ሆይት ዊልሄልም ነው፣ በ1985፤ 652 ሴቭ ያለው ማሪያኖ ሪቬራ ደግሞ በ2019 ያለ አንድ ተቃውሞ ገባ።

እዚህ ላይ አዲሱን መለኪያ ይዘን ወደ ጥቅምት 10 ቀን 1924 እንመለስ። ማርቤሪ ስድስተኛው ዙር ላይ ሲገባ ቡድኑ 1 ለ 0 ይመራ ነበር፤ እኩል የሚያደርገው ሰው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነው። መሪነቱ ጠፋ። የጠፋው በተያዘች ኳስ ቢሆንም የዛሬው መዝጋቢ ርኅራኄ የለውም፤ ሴቭ ያበላሸ ብሎ ይጽፍበታል። እሱን ለማየት የተፈለሰፈው መነጽር ትልቁን ቀኑን ጥፋት አድርጎ ያሳያል። ጀማሪውን ለሚለካ ዘመን ማርቤሪ የማይታይ ነበር፤ ጨራሹን ለሚለካ ዘመን ደግሞ መሃሉ የማይታይ ሆነ። አሠልጣኞችም ለሴቭ ሲሉ ምርጡን ሰው ለዘጠነኛው ዙር ብቻ ማስቀመጥ ለመዱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኦክላንዱ ቶኒ ላ ሩሳ ዴኒስ ኤከርስሊን በአንድ ዙር ብቻ ሲጠቀምበት ስኬቱን አይቶ ሁሉም ተከተለ። እሳቱ ስድስተኛው ዙር ላይ ቢነሳም ጨራሹ ተቀምጦ ያያል። መስፈሪያው ሥራውን ማዘዝ ጀመረ ማለት ነው።

ዋሽንግተን ዳግም ሻምፒዮን የሆነችው በ2019 ነው፤ ከ1924 በኋላ 95 ዓመት ቆይታ። ያን ዓመት የናሽናልስ ጨራሽ ሾን ዱሊትል ነበር። እሱም በአጋጣሚ ነው ወርዋሪ የሆነው። ኦክላንድ በ2007 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የመረጠው አንደኛ ቤዝ እንዲጠብቅና እንዲመታ ነበር፤ ጉልበቱና የእጁ አንጓ እየተጎዱ ዓመታት ከባከኑ በኋላ በ2011 እስኪ ወርውር ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ከፍተኛው ሊግ ላይ ነበር። የሚወረውረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ፈጣን ኳስ ነበር። መጽሐፍ ወዳድ ነው፤ በ2015 ደግሞ ቺካጎ ላይ ከኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ጋር የሶርያ ስደተኛ ቤተሰቦችን ለታንክስጊቪንግ እራት ጠርቷል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለው ሕዝባችን ይህን ሰምቶ እንደኔው ለቡድኑ ቢያዳላ አይፈረድበትም።

የ2019ኙ ናሽናልስ ግንቦት ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ዋናው በሽታው ቡልፔኑ ነው። ዱሊትል ያለ እረፍት ተጠራ። ነሐሴ 17 ቀን ሚልዋኪ ዘጠነኛው ዙር ላይ ሦስት ሆም ረን መታችበት፤ በማግስቱ በጉልበት ሕመም ከሜዳ ራቀ። 29 ሴቭ ቢያስመዘግብም ክንዱና ጉልበቱ ከሚችሉት በላይ ነበር። አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ መላ አጣ። ጥቅምት ሲገባ ግን የጊዜ ሰሌዳውን ጣለው። በመጀመሪያው የሞት ሽረት ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ ብቻ የሚታወቀውን ስቲቨን ስትራስበርግን ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ዙር አስገባው፤ ድሉ የስትራስበርግ ሆነ። ዱሊትል ተመልሶ የሻምፒዮናውን የመጀመሪያ ጨዋታ አራት ሰው አስወጥቶ 5 ለ 4 ዘጋ።

ጥቅምት 30፣ ሂዩስተን፣ ሰባተኛ ጨዋታ። ናሽናልስ 2 ለ 0 እየተመራ ስድስተኛው ዙር ላይ ማርቲኔዝ ሌላውን ጀማሪውን ፓትሪክ ኮርቢንን ከቡልፔን ጠራ። ኮርቢን ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን ወረወረ፤ አንድም አልገባበትም። በሰባተኛው አንተኒ ሬንዶን ሆም ረን መታ፤ ሂዩስተን ጀማሪውን አስወጥቶ ተተኪ ቢያስገባ ሃዊ ኬንድሪክ ኳሷን ከቀኙ የሜዳ ምሰሶ ጋር አጋጭቶ ሆም ረን መታበት። ዘጠነኛውን ዳንኤል ሀድሰን ጨረሰ፣ 6 ለ 2። ዱሊትል በዚያ ሌሊት አልተጠራም። መሪነቱ የተገኘው ኮርቢን በያዘው ዙር ስለነበር አሸናፊ ተብሎ የተጻፈው ኮርቢን ነው። በ1924 ማርቤሪም የወረወረው ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ነበር፤ የእሱ ቡድን ግን ስምንተኛው ላይ እኩል ሆኖ ስላበቃ ድሉ ለጆንሰን ተጻፈ።